አንቲቦዲ ያልነካው ስላይድ

ሰኞ

ቡናማ መሆን ያልነበረበት ስላይድ፣ ናሙናው ያለበት መስታወት፣ ቡናማ ሆኗል። አንቲቦዲ አልጨመርኩበትም። ማስታወሻዬን ሦስት ጊዜ አየሁ፤ አልጨመርኩም።

አንቲቦዲው የሚፈልገው ሴሎችን ከቦታቸው የሚያንቀሳቅሰውን ፕሮቲን ነው፤ ሲያገኘው ቦታው ቡናማ ይሆናል። አንቲቦዲ ከሌለ ምንም መታየት የለበትም። በመጀመሪያው ቀን ይህን አረጋግጬ ነበር። ከዚያ ለመፍጠን ብዬ ማረጋገጡን ተውኩት። ታዲያ ከበሬ ዓይን ዕጢ ወስጄ «ፕሮቲኑ አለ» ብዬ የጻፍኩባቸው አሥራ ስድስቱ ስላይዶችስ?

የመመረቂያ ጽሑፌን የማቀርበው የፊታችን ሐሙስ ሳምንት ነው። ስላይዱን ይዤ እስከ ቆሻሻ መጣያው ሄድኩ። አልጣልኩትም።

ማክሰኞ

ለማንም አልተናገርኩም። የጠረጠርኳቸው፦ ውሃው፣ ማቅለሚያው፣ የገዛ እጄ።

የላብራቶሪ ባለሙያዋ እትዬ ዘነበች ግን ስላይዱን ጠረጴዛዬ ላይ አዩትና የፐርኦክሳይዱን ጠርሙስ አንስተው አገላበጡት። ናሙናው ውስጥ ያለው ደም በራሱ ቡናማ እንዳይሆን ቀድመን የምንጨምረው እሱን ነው።

«ይሄ እኮ ከተከፈተ ከርሟል። ኃይሉ አልቋል» አሉ። ቆየት ብለው፣ «ለዶክተር ነግረሻቸዋል?»



ረቡዕ

ነገርኳቸው። አማካሪዬ ማይክሮስኮፑ ላይ ብዙ ቆዩ።

«ለስንት ስላይድ የሚበቃ አንቲቦዲ ቀርቶሻል?»

«ለሁለት።»

«ሁለት በሬ መርጠሽ ድገሚ። የሐሙስ ሳምንቱን ቀጠሮ ግን እርሺው።»

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐሙስ

አባዬ ከጌዶ ደወለ። ናሙና ስሰበስብ የበሬዎቹን ቀንድ ይዞልኝ የነበረው እሱ ነው። «አከም ጂርታ፣ ኢንተለ ኮ?» አለ፣ ደስ ሲለው እንደሚያደርገው በኦሮምኛ፤ ደህና ነሽ፣ ልጄ ማለቱ ነው። ከበሬዎቹ የአንዱ ባለቤት ከሆኑት ከኦቦ ለሚ ጋር፣ ጽሑፌን ሳቀርብ ሊሰሙ አምቦ ሊመጡ ተዘጋጅተዋል።

«አባዬ፣ አትምጡ። ቀኑ ተላልፏል።»

«ወደቅሽ?»

«አልወደቅኩም። ሥራዬ ላይ ስህተት ተገኘ።»

«ማን አገኘብሽ?»

«እኔው ራሴ።»

«ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?»

ማልቀሴን አላወቅኩም ነበር።

ዓርብ

ከሌላ ክፍል አዲስ ፐርኦክሳይድ ተገኘ። እትዬ ዘነበች አጠገቤ ቆሙ።

አንቲቦዲ ያልጨመርኩባቸው ሁለቱም ንጹሕ ናቸው። ከጨመርኩባቸው አንደኛው ባዶ። የኦቦ ለሚ በሬ ግን ቡናማ ሆነ፤ ያውም የዕጢው ዳር ዳር ብቻ፣ ሴሎቹ ወደ ውጭ በሚገፉበት።

አማካሪዬ አይተው፣ «ይህን እቀበላለሁ» አሉ። ለቀሩት ተጨማሪ አንቲቦዲ ይታዘዛል። መቼ እንደሚደርስ እሳቸውም አያውቁም።

የውጤቱን ምዕራፍ ሰረዝኩት። ሁለት ገጽ ቀረኝ። ሁለቱን ግን በማንም ፊት ቆሜ አነባቸዋለሁ።