ስማቸው ላልተነገረ ሕፃናት ሲጨነቁ የኖሩት ሲስተር እጅጋየሁ ተክለ ጊዮርጊስ

ሲስተር እጅጋየሁ ከአባታቸው ከአቶ ተክለ ጊዮርጊስ ውዱና ከእናታቸው ከወ/ሮ እንኳየሁ አዳሙ ኅዳር 6 ቀን 1961 ዓ.ም በጎንደር ከተማ ቁስቋም ተወለዱ። ትምህርታቸውን እዚያው ጎንደር ተከታትለው በ1982 ዓ.ም በነርስነት ተመረቁ። በ1987 ዓ.ም ከመምህር ፊልጶስ ወልደ ዮሐንስ ጋር ጋብቻ መሥርተው ልዕልትንና ምንይችልን አፈሩ።

ብዙ ዓመት በደጋው ጤና ጣቢያዎች ካገለገሉ በኋላ በ2008 ዓ.ም ወደ ጎንደር ተመልሰው በክትባት መረጃ ክፍል ተመደቡ። ቤተሰቡ አሁን ያርፋሉ ብሎ ነበር፤ እሳቸው ግን ባሰባቸው። ክትባት የሚላከው በተመዘገበው ሕፃን ልክ ነው። ትክትክ ጨቅላ ሕፃንን እንዴት እንደሚያፍን በዓይናቸው ስላዩ፣ ከመዝገብ የቀረች ልጅ ትኖር ይሆን የሚለው ሐሳብ ማዕድ ላይ እንኳ አይለቃቸውም ነበር።

በ2012 ዓ.ም አሠራሩ ተለወጠ። ቀድሞ የሚጠየቀው የሕፃናቱ ብዛት ብቻ ነበር፤ አዲሱ የመመዝገቢያ ታብሌት ግን ስም ካልተሞላለት አልመዘግብም አለ። ሪፖርቱ አምሮ መጣ፤ የተመዘገቡት በሙሉ ተከትበዋል። መሥሪያ ቤቱ ሲደሰት ሲስተር ፈሩ። ሦስት ወር ካልሞላቸው የደጋው ሕፃናት መካከል ሴቶቹ ከወንዶቹ እጅግ ያንሱ ነበር።

ከባልደረባቸው ከወ/ሮ ነጃት ጋር ድብ ባሕር ድረስ ሄዱ። አባይነሽ የሚባሉ አራስ ልጃቸውን በነጠላ ሸፈን አድርገው፣ «ምነው እህቴ፣ ክርስትና ሳትነሳ ስሟ ለእንግዳ ይነገራል? ሰማንያዋ ይድረስና ትጠሪያታለሽ» አሏቸው። ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀን ነው የሚጠመቁት፤ ክትባቱ ግን በአንድ ወር ተኩል ይጀመራል። ሴቶቹ የቀሩት ለዚህ ነበር። በመንገድ ላይ ወ/ሮ ነጃት ሁሉንም እጅጋየሁ ብለን እንሙላቸው እያሉ ቢቀልዱም ሲስተር አልሳቁም። ደጅ ጠንተው፣ ሕፃናቱ በእናት ስም እንዲመዘገቡ አስፈቀዱ።

ፈቃዱ ግን አሠራር በተቀየረ ቁጥር ይረሳ ነበር። አዲስ መመሪያ መጣ በተባለ ጊዜ ሁሉ ምግብ ይዘጋቸው ነበር፤ ሴቶቹ በዝርዝሩ መኖራቸውን ሳያዩም ከቢሮ አይወጡም ነበር።

በ2016 ዓ.ም ኩላሊታቸውን ታመው ሕክምና ጀመሩ። ባለፈው ጥር ወ/ሮ ነጃት ሊጠይቋቸው መጥተው፣ አዲሱ አሠራር ደግሞ ያለ ስም የማይወጣውን የልደት ምስክር ወረቀት ቁጥር እንደሚፈልግ ሳያስቡት ነገሯቸው። ሲስተር ከትራሳቸው ቀና ብለው፣ «ሴቶቹስ?» አሉ። መልሱ እስካሁንም አልተገኘም። ሲስተር የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም በተወለዱ በ56 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና እናታቸውን ትተው ሄደዋል።

ልታስተዛዝኑን የመጣችሁ ወገኖች፣ በቤታችሁም ሆነ በጎረቤታችሁ ክርስትና ያልተነሳች ሕፃን ካለች፣ ስሟን ባትነግሩ እንኳ መኖሯን ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ንገሩ። ከዚህ የሚበልጥ ማጽናኛ የለንም።

ሳንጠመቅም በስማችን የሚያውቀን አምላክ የሲስተር እጅጋየሁን ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን። አሜን።