በነጠላ ጫማ ነይ

ይድረስ ለአንጀቴ ልጅ ለአያን፤

አሰላሙ አለይኩም። የድሬ ሙቀት ጀርመን ድረስ የሚላክ ቢሆን ኖሮ ከሰላምታዬ ጋር በጨመርኩልሽ ነበር። እኛ አልሃምዱሊላህ ደህና ነን።

የቴኒሱን ዋንጫ ለጀርመን ስታነሺ ሰፈሩ በሙሉ እኛ ቤት ቴሌቪዥን ፊት ነበር። ባጃጆቹ ጡሩምባ እየነፉ ዞሩ። አጎትሽ ሉቅማን ከቀፊራ ገበያ ሐብሐብ በጋሪ አስጭኖ መጣና "አቦ፣ ከዚራ ሰፈር ግድግዳ ላይ ኳስ ስትደበድብ ያባረርናት ልጅ እኮ ናት!" እያለ ሳቀ።

ሰው ኳሱን ሲያይ እኔ እግርሽን አየሁ። በየእረፍቱ አጎንብሰሽ ያልላላውን የጫማሽን ማሰሪያ እየፈታሽ መልሰሽ ታስሪ ነበር። ትንሽ ሳለሽ ከጣራ የወደቅሽ ቀንም እንባሽን አባትሽ እንዳያይ እንዲሁ ጫማሽን ስታስሪ ነበር፤ ለካ ቁርጭምጭሚትሽ ተሰብሮ ኖሯል።

ስደውል "ደህና ነኝ እማ" ትይኝ ነበር። አሁን የሚያነሳው አሰልጣኝሽ ነው። "ጉት፣ ጉት"፣ ደህና ናት ማለቱ ነው፣ ይለኝና ይዘጋዋል።

ትናንት ሴቶቹ ለሚቀጥለው ውድድርሽ ዱዓ አደረጉ። "አላህ ያሸንፋት" ሲሉ አፌ አሚን አለ። ልቤ የለመነውን አላህ ያውቀዋል፤ እንዳትቀየሚኝ።

ክፍልሽን አከራይተነው ነበር፤ አስለቅቄዋለሁ። አልጋሽን አንጥፌያለሁ፤ በሩንም አልቆልፈውም። እዚህ ዋንጫ የሚጠይቅሽ የለም። ባዶ እጅሽን ነይ ልጄ። ማሰሪያ ያለው ጫማ አታድርጊ፣ በነጠላ ጫማ ነይ።

ለአላህ አማና ሰጥቼሻለሁ።

እናትሽ ሃሊሞ