ለክቡር ሴናተር ሆልም፦ ስለ ቫውቸሩና ስለ እናትዎ ሳህን

ለክቡር ሴናተር ዌንደል ሆልም
የወረዳችን ተወካይ፣ በመጪው ኖቬምበርም ለዚያው ወንበር ዳግመኛ ተወዳዳሪ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። በየደጁ በተተከለው የምርጫ ሰሌዳዎ ላይ እንደማየው ከሆነ ፊትዎም ጥርስዎም ደህና ናቸው፤ የሰሜን ዳኮታ ነፋስ የሁላችንንም ቆዳ ሲያቃጥል እርስዎን አልነካዎትም፣ ተመስገን ነው። እኔም ደህና ነኝ። ባለቤቴ አርዲስ ካረፈች ወዲህ ጤናዬን የሚጠይቀኝ ብዙ ሰው ስለሌለ ራሴው ጠይቄ ራሴው መመለሴን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ።

ስሜ ኦርቪል ስቴን ነው። ከኖርዳል ከተማ ወጣ ብሎ፣ ከእህል ጎተራዎቹ ማዶ፣ ስንዴና ሱፍ ሳርስ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ስምንተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ ከዚያ በላይ ትራክተሩ አልፈቀደልኝም። በቤታችን ደብዳቤ የምትጽፈው አርዲስ ነበረች። ስለዚህ ሆሄ ከሳትኩ የዚህ ጋዜጣ አዘጋጅ እንዲያቃናልኝ፣ ሐሳቤን ግን እንዳያቃናብኝ በቅድሚያ ነግሬዋለሁ።

የዚህ ደብዳቤ ምክንያት ምስጋና ነው። ሰሞኑን በየፖስታ ሣጥናችን ባስገቡት በራሪ ወረቀት ላይ የልጅ ልጄን የማሪትን ፎቶ አውጥተው ቤተሰባችንን አክብረዋል። እናቷንም እኔንም ሳያስፈቅዱ ማውጣትዎ ከሥራ ብዛት እንጂ ከንቀት እንዳልሆነ አምናለሁ፤ ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል የሚሉትም ምቀኞች ናቸው። ማሪት አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ዳውን ሲንድረም አለባት። ቃል ከአፏ ቶሎ አይወጣም፤ ከወጣ ግን አይመለስም፣ በዚህ እኔን ትመስላለች።

ከወረቀቱ እንደተረዳሁት ሕግዎ በኖቬምበሩ የሕዝብ ድምፅ ከጸደቀ መንግሥት እንደ ማሪት ላሉ ልጆች ወላጆች ቫውቸር ይሰጣል። ወላጅም በቫውቸሩ ከትምህርት ቤታችን በጀት ላይ የልጁን ድርሻ አንሥቶ ወደ መረጠው የግል ትምህርት ቤት ይሄዳል። ይህን ደግነትዎን አይቼ ዝም ማለት ስላልቻልኩ ቅሬታዎቼን፣ ይቅርታ፣ ምስጋናዎቼን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ። ስለሰጡን ምርጫ አመሰግናለሁ። ልጄ ካርላ፣ የማሪት እናት፣ በአረጋውያን መጦሪያው ውስጥ ሽማግሌ ስታገላብጥ የምትውል ሴት ናት። ወረቀትዎን አይታ ተስፋ አደረገች፤ ካርላ ተስፋ ለማድረግ ብዙ አትፈልግም። ፈቃድ ወስዳ፣ ለማሪት አዲስ ሹራብ አልብሳ፣ እዚህ አካባቢ የግል ትምህርት ቤት የሚባል ስለሌለ ግማሽ ቀን ነድታ ፋርጎ ከተማ ወዳለው ወሰደቻት። ርእሰ መምህርቷ እየሳቀች ተቀበለቻቸው አሉ፤ “እንዴት ያለች ደስ የምትል ልጅ ናት!” ብላ፣ የዓሣውን ገንዳ አሳይታ፣ ኩኪስ ሰጥታ፣ መጨረሻ ላይ ድምጿን ዝቅ አድርጋ “እንደሷ ላለ ልጅ ግን አስተማሪ የለንም እኮ” አለቻት። ካርላም “ታዲያ ቫውቸሩ ለማን ነው?” ብትላት “ለሚስማሙን ልጆች ነዋ፣ የኔ እመቤት” ብላ በሩን ከፍታላታለች። እኛ መራጮች የሆንን መስሎን ነበር፤ ለካ የሚመርጠው ትምህርት ቤቱ ነው።

የኖርዳል ትምህርት ቤት ግን፣ ጣሪያው ቢያፈስም፣ ማሪትን “አትስማማንም” ማለት አይችልም፤ ሕግ ይከለክለዋል። ያንን ሕግ ያመጡት ዱሮ ልጆቻችን ከትምህርት አይቀሩም ብለው በየፍርድ ቤቱ የቆሙ እናቶች ናቸው። ቫውቸርዎን የተቀበለ ወላጅ ያን መብቱን እንደሚተው በወረቀትዎ ጀርባ በጉንዳን እግር የተጻፈውን አጉሊ መነጽር ይዤ አንብቤዋለሁ። ስለ ፊደሉ ማነስ አርዲስ ብትኖር የምትለው ነበራት።

ሁለተኛ። ስለ መምህርት ቨርና ፎግት ነው። ማሪትንና ጥቂት እንደሷ ያሉ ልጆችን የምታስተምረው እሷ ናት። በሕግዎ መሠረት ንባብ ብቻ የሚያስቸግራቸው፣ የግሎቹ የሚፈልጓቸው ልጆች ይሄዳሉ፤ ማንም የማይፈልጋቸው ይቀራሉ፤ በጀቱም ከሄዱት ጋር ይሄዳል። የትምህርት ቦርዱ ካሁኑ ለካርላ ነግሯታል፦ ሕጉ ካለፈ ያንን ክፍል ይዘን መቀጠል አንችልም፣ ልጆቹ በአውቶቡስ ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳሉ ብለው። ማሪት ደግሞ ረጅም መንገድ ላይ የሚጥል በሽታዋ ይነሣባታል።

ካርላ ይህን ሰምታ መጣች፤ መኪናዋን ግቢዬ ውስጥ አቁማ ሳትወርድ ቆየች። ወጥቼ መስኮቱን ባንኳኳ “አባዬ፣ ክፍሉ ከተዘጋ ፋርጎ መግባቴ ነው። እዚያ ትልልቅ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች አሉ” አለችኝ። “ሂጂ” አልኳት። “አንተም ና።” “ፋርጎ ምን ልሠራ? መስኮት ላይ ተቀምጬ መኪና ልቆጥር?” “እዚህስ ምን እየሠራህ ነው?”

መልሱን ለእርስዎ እሰጥዎታለሁ፣ ሥልጣን ያለዎት ሰው ነዎትና። ካርላ ከሥራ እስክትወጣ ድረስ ማሪትን የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ከሰዓት በኋላ እኔ ደጅ ያወርዳታል። ጧት እነሣለሁ፣ አንድ ሳህን አጥቤ አንድ ሳህን እደፋለሁ፣ ሬዲዮው የስንዴ ዋጋ ይነግረኛል፣ የምሸጠው ስንዴ ግን የለኝም፤ መሬቱን አከራይቻለሁ። ከዚያ አውቶቡሱ ከመንገዱ ላይ ፍሬን ሲይዝ ይሰማኛል። የኔ ቀን የሚጀምረው ያኔ ነው። እዚህ የምሠራው ይኸው ነው፤ ያንን ፍሬን እጠብቃለሁ።

ሦስተኛው ስለ ሳህን ነው፤ ታላቅ ሰውን በሳህን ወሬ ማድከሜን ይታገሡኝ።

አርዲስ ስትሞት እንደ አገራችን ደንብ ከየቤቱ በመጋገሪያ ሳህን ምግብ መጣልኝ። ደንቡን እርስዎም ያውቁታል፤ የሰው ሳህን ከሰው ሳህን እንዳይደባለቅ የቤቱ እመቤት ከሥሩ ፕላስተር ለጥፋ ስሟን ትጽፍበታለች። ምግቡ አለቀ፣ ሳህኑ ቀረ። አርዲስ ብትኖር በሳምንቱ ትመልሰው ነበር፤ እኔ ግን የማንንም በር ማንኳኳት አቃተኝና ሳህኑ ከማብሰያ ክፍሌ ጠረጴዛ ላይ ተከምሮ ከረመ። አንድ ቀን መምህርት ፎግት ማሪትን ይዛ መጥታ አየችው። ልረዳህ መጣሁ አላለችኝም፣ እንደ ማዘንም አላለችም። አንዱን ገልብጣ “ማሪት፣ ይሄ የማነው?” አለቻት።

ማሪት ማንበብ የጀመረችው እንዲህ ነው። የሳህኑን ስም ታያለች፤ በመኪናዬ እንሄዳለን፤ ደጁ ላይ ባለው የፖስታ ሣጥን የተጻፈውን ስም ታያለች፤ ከገጠመ “ነው!” ብላ በሩን ትመታለች። የሰው ሳህን ባዶውን አይመለስምና በክፍላቸው የጋገሩትን ብስኩት ትጨምርበታለች። እኔም ከኋላዋ ቆሜ ኮፍያዬን አነሣለሁ። በዚያ ክረምት ያላንኳኳነው በር የለም፤ አርዲስ ካረፈች በኋላ ሰው ቤት ገብቼ የተቀመጥኩት ያኔ ብቻ ነው።

አንድ ሳህን ግን ቀረ። ከሥሩ “ሆልም” ይላል። የእናትዎ የወይዘሮ ጆይስ ነው። ድንቹንና ሥጋውን በገዛ እጃቸው ይዘውልኝ የመጡ ደግ ሴት ነበሩ፤ እኛ ሳንደርስላቸው በጸደዩ ዐረፉ፤ ቤታቸው ተሸጠ፣ ከፖስታ ሣጥኑ ላይ ስማቸው ተፋቀ። ማሪት ሳህኑን ታቅፋ ሆልም የሚል ቤት መፈለጓን አልተወችም።

ከዚያ የምርጫው ወራት መጣና አገሩ ሁሉ ሆልም፣ ሆልም የሚል ሰሌዳ ሆነ። የልጅቷን ደስታ ምን ብዬ ልንገርዎት! መጀመሪያ የጎረቤቴን የገርሃርድን በር መታች። “የኔ ልጅ፣ እኔ ሆልም አይደለሁም” አላት። ሰሌዳውን አሳየችው፣ ሳህኑን ገልብጣ አሳየችው፣ “ሆልም” አለችው። ገርሃርድ ጢሙን አሽቶ “ኦርቪል፣ ይቺ ልጅ ልክ ናት፤ የሰው ስም ደጄ ላይ ተክዬ የሰው ሳህን አልቀበልም ማለት ነውር ነው” አለኝ። በማግስቱ ሰሌዳው ከደጁ የለም። ነፋስ ነው ይላል።

ስለዚህ በቤተክርስቲያኑ ምድር ቤት በተደረገው የመኸር ራት ላይ እርስዎ እጅ እየጨበጡ ሲመጡ፣ ስምዎንም ደረትዎ ላይ ለጥፈው ሲመጡ፣ ማሪት ምን እንደተሰማት ይገምቱ። ሳህኑን ብስኩት ሞልታ፣ በሰው መሀል አልፋ፣ ፊትዎ ቆመች። ደረትዎን አንብባ “ሆልም” አለች፤ ጥርት አድርጋ፣ እኔ ከጥግ ሰማኋት። እርስዎም “ለኔ ነው? የኔ ቆንጆ!” ብለው ተቀበሏት። ፎቶ አንሺዎ “ወደዚህ ትንሽ ዞር” አለ፤ ዞሩ። ከዚያ ሳህኑን ከቡናው ማሰሮ አጠገብ አስቀምጠው ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ ሄዱ። ከሥሩ ገልብጠው አላዩም። የእናትዎን እጅ ጽሕፈት አላዩም።

ማሪት ቆማ ጠበቀችዎት። አዳራሹ ሲጠረግ ሳህኑን አንሥታ መጣች። በመንገድ ላይ ጭኗ ላይ አድርጋው “ሆልም አይደለም?” ብላ ጠየቀችኝ። “ነው” አልኳት። “ሆልም ነው። አንቺ ልክ ነሽ።”

ያንን ፎቶ ነው በወረቀትዎ ላይ ያወጡት። ከሥሩም “ማሪት ለሴናተር ሆልም ስጦታ ስታበረክት። የወደቀው ትምህርት ቤታችን ግን ለማሪት ምን አበረከተላት?” ብለው ጠይቀዋል። በአክብሮት ስለጠየቁ በአክብሮት እመልሳለሁ፦ ስምዎን ማንበብ።

ለስንዴ ድጎማ፣ በድልድዩ ምረቃ ላይ ለቆረጡት ሪባን፣ በየዓመቱ ለሚልኩልን የገና ካርድ፣ አርዲስ ከሞተች በኋላም በስሟ ለሚልኩላት ጭምር፣ ከልብ እያመሰገንኩ፣ በኖቬምበሩ ማክሰኞ በዚያው በሚያፈስሰው ትምህርት ቤት አዳራሽ ተሰልፌ በቫውቸሩ ላይ “አይሆንም” በሚለው ላይ ምልክት እንደማደርግ የማሳውቅ፣ ይህን የሚያነብ ጎረቤቴም እንዲያደርግ የምለምን፣

ደጁ ላይ የማንንም ስም ያልተከለ፣ የራሱን ስም ግን የሚያውቅ፣

ኦርቪል ስቴን
ኖርዳል

ማስታወሻ፦ የእናትዎ ሳህን ታጥቦ እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው። የምርጫው ቀን ሳይደርስ ከሰዓት በኋላ ጎራ ቢሉ፣ አውቶቡሱ ማሪትን ካወረደ በኋላ ማለቴ ነው፣ ማሪት ብስኩት ጨምራበት በእጅዎ ትሰጥዎታለች፤ ፎቶ አንሺ አያስፈልግም። ሕግዎ ካሸነፈ በኋላ ግን አይቸኩሉ፤ እኛ ፋርጎ ገብተን እንሆናለን። በሩ አይቆለፍም፤ ገብተው ራስዎ ያንሡት፤ ባዶውን ያገኙታል፤ ከሥሩ ያለውን ስም ጮክ ብሎ የሚያነብ ሰው እዚያ ቤት አይኖርም።