ከኋላ የሚሄዱት ስካውት፦ የወ/ሮ ብርቄ ማዳልቾ ሕይወት
(ኅዳር 1968 – ሐምሌ 2013 ዓ.ም.)

ገብስ በሚታጨድበት የኅዳር ወር፣ 1968 ዓ.ም.፣ በቀድሞው ጋሞ ጎፋ ክፍለ ሀገር ዘልማ በምትባል የተራራ ቀበሌ ለንብ አናቢው ለአቶ ማዳልቾ ዛራና ለወ/ሮ ሸዋዬ ቶማ ሁለተኛ ልጅ ተወለደችላቸው። ስሟንም ብርቄ አሏት። ዛሬ ኩዌት ላይ የምንሰናበታቸው እህታችን ወ/ሮ ብርቄ እኚህ ናቸው።

በሚስዮን ትምህርት ቤት እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። ከትምህርት በተረፋቸው ጊዜ አባታቸው ቀፎ ሊሰቅሉ ሲወጡ ገመድ ይዘው ይከተሉ ስለነበር፣ የዘልማን ገደልና ወንዝ ገና በልጅነታቸው ጠንቅቀው አወቁ። በ1986 ዓ.ም. ከመምህር ናሆም ጩምቡሮ ጋር ጋብቻ መሥርተው ሳሚንና ቲጂን አፈሩ።

በ1993 ዓ.ም. የዘልማ ብሔራዊ ፓርክ ስካውት፣ ማለትም ጠባቂና መንገድ መሪ፣ ሲቀጥር ወ/ሮ ብርቄ ተመዘገቡ። ከዚያ በፊት ሴት ተመዝግባ ስለማታውቅ ቀጣሪው ተጠራጥሮ፣ «ገደሉን ትችይዋለሽ?» ቢላቸው፣ «እናንተ ካርታ የምትሥሉለት መንገድ እኮ አባቴ ቀፎ ሊሰቅል የሚሄድበት መንገድ ነው» አሉት። ተቀጠሩ።

በጥር 1996 ዓ.ም. የደረሰውን እሳቸው ራሳቸው ሳይሸሽጉ ይናገሩት ስለነበር እኛም አንሸሽገውም። አሥራ አራት የነርስነት ተማሪዎችን በፓርኩ ውስጥ ወዳለው ፏፏቴ ይዘው ሲወጡ እሳቸው ከፊት ሆነው መንገድ ያሳዩ ነበር። ከሁሉም ኋላ የቀረችው የሃያ ዓመቷ ሩሃማ ፎቶ ልትነሣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ስታፈገፍግ እርጥብ ድንጋይ አዳለጣትና ገደል ገባች። ወ/ሮ ብርቄ በገመድ ወርደው ሲደርሱ ሕይወቷ አልፎ ነበር። ነጠላቸውን አልብሰዋት፣ ተሸካሚዎች እስኪመጡ ድረስ ከአጠገቧ አልተነሡም።

በማግሥቱ አባቷ መጡ። የፓርኩ ኃላፊ፣ «ልጅቷ ማስጠንቀቂያ አልሰማ ብላ ነው» ሲላቸው ወ/ሮ ብርቄ ዝም ማለት አልሆነላቸውም። «ማንም አላስጠነቀቃትም፣ አባቴ። እኔ ከፊት ነበርኩ። ከኋላ ሰው አልነበረም» አሉ።

አባትየውም፣ «ቦታውን አሳዪኝ» አሏቸው። ወ/ሮ ብርቄ ክንዳቸውን ደግፈው አወጧቸው፤ ደግፈውም መለሷቸው። እውነቱን በመናገራቸው ሁለት ወር ከሥራ ታገዱ። ሲመለሱ ኃላፊውን የጠየቁት ነገር ቢኖር አንድ ብቻ ነበር፤ ከእንግዲህ የትኛውም ቡድን ከኋላው ስካውት ሳይኖረው እንዳይወጣ። ተፈቀደላቸው። የኋላውንም ቦታ ራሳቸው ያዙት።

ከዚያ ወዲያ ጎብኚ ሁሉ በር ላይ እግሩን ይታይ ጀመር። በሰንደል ጫማ የመጣ ሰው አያልፍም። ወ/ሮ ብርቄ ከየገበያው የሰበሰቧቸውን አሮጌ ሸራ ጫማዎች በጆንያ አስቀምጠው በየቁጥሩ ያውሱ ነበር። ባለሥልጣን ሳይቀር የሸራ ጫማ አጥልቆ ሲወጣ ማየት ለቀበሌው ልጆች ትልቅ ጨዋታ ነበር። እስከለቀቁበት እስከ 2004 ዓ.ም. ድረስ በፏፏቴው መንገድ ሌላ ሰው አልሞተም።

ባለቤታቸው መምህር ናሆም በኩላሊት ሕመም በ2003 ዓ.ም. ሲያርፉ ልጆቹ ገና ተማሪዎች ነበሩ። ወ/ሮ ብርቄ በዓመቱ ታናሽ እህታቸው ኤልሣቤጥ ወዳለችበት ወደ ኩዌት መጥተው ባያን ውስጥ ከአንድ ቤተሰብ ዘንድ ሥራ ጀመሩ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሠሩት እዚያው ቤት ነበር። አርብ አርብ አቡ ሐሊፋ በሚገኘው የጸሎት ኅብረታችን ይገኙ ነበር። መዝሙር ሲያወጡ ዜማው ይጠፋባቸዋል፤ ግን ማንም ደፍሮ አላረማቸውም።

ቤተሰቡ በየዓመቱ በብርዱ ወራት በረሃ ወጥቶ ኸይማ የሚሉትን ድንኳን ይተክላል። በጥር 2010 ዓ.ም. አመሻሽ ላይ የቤቱ እመቤት የማዳም የልጅ ልጆች ድንኳኑን ዘግተው ከሰል አንድደው ሲሞቁ ወ/ሮ ብርቄ ደረሱባቸውና ማንደጃውን አንሥተው ወደ ውጭ አወጡት።

ማዳም ተቆጥተው፣ «ብርቄ፣ ልጆቹን በብርድ ልትገድያቸው ነው?» አሏቸው።

«ማዳም፣ ለብርድ ብርድ ልብስ አለ። ጭሱ ግን ሳያስታውቅ ነው የሚገድለው» አሉ ወ/ሮ ብርቄ፣ በተሰባበረ ዓረብኛቸው። ማንደጃውንም አልመለሱም።

በዚያው ሳምንት ራቅ ብሎ በተተከለ ሌላ ኸይማ ሁለት ሰዎች በከሰል ጭስ ታፍነው ሞቱ። ወሬው ሲሰማ ማዳም ወደ ማድ ቤት ገብተው ወ/ሮ ብርቄን ግንባራቸውን ሳሟቸው። ከዚያ በኋላ በበረሃው አዛዧ እሳቸው ሆኑ። ልጆቹም «ሙዲራ»፣ ኃላፊያችን ማለታቸው ነው፣ እያሉ ይጠሯቸው ነበር።

ኮሮና ገብቶ ከቤት መውጣት ሲከለከል፣ በአቡ ሐሊፋው የኤልሣቤጥ ቤት ሥራ ያጡ ዘጠኝ ሴቶች ተጠልለው ነበር። ወ/ሮ ብርቄ በየቀኑ ይደውሉና ሁሉም በየተራ ድምፃቸውን እንዲያሰሙ ያደርጉ ነበር። ከእነሱ አንዷ፣ የወሎዋ ሐሲና፣ አንድ ቀን ደብሯት ከአልጋዋ ሳትነሣ፣ «ደህና ናት በሉልኝ» ብትል፣ «ራሷ ትንገረኝ እንጂ» ብለው ስልኩን ሳይዘጉ ጠበቋት። ሐሲና ተነሥታ ስታናግራቸው አለቀሰች። እስከ ዛሬም «እማ ብርቄ» ትላቸዋለች።

በሰኔ 2013 ዓ.ም. የሰባ አንድ ዓመቷ ማዳም በኮሮና ተያዙ። የወ/ሮ ብርቄ የክትባት ቀጠሮ ገና ስላልደረሰ ማዳም፣ «ክፍሌ አትግቢ፣ ትታመሚያለሽ» ቢሏቸውም፣ «ታዲያ ውሃ ማን ያቀብልዎታል?» ብለው ገቡ። ማዳም ዳኑ። ወ/ሮ ብርቄ ግን በበሽታው ተይዘው ተኙ። ሆስፒታል በቆዩባቸው አሥራ አንድ ቀናት ትንፋሽ ሲያገኙ እህታቸውን በስልክ ያናግሩ ነበር። በመጨረሻው ጥሪ፣ «ኤልሲ፣ አልፈራሁም። ልጆቼ ግን ዜናውን ለብቻቸው ሆነው እንዳይሰሙ አደራ» አሏት። ኤልሣቤጥ አደራውን ጠብቃ የዘልማ ሽማግሌዎች ቤታቸው ድረስ ሄደው እንዲያረዷቸው አደረገች።

ወ/ሮ ብርቄ ሐምሌ 3 ቀን 2013 ዓ.ም. በተወለዱ በአርባ አምስት ዓመታቸው ወደ ጌታቸው ሄዱ። አስከሬናቸውን ወደ አገር ቤት መላክ ስላልተቻለ እዚሁ ያርፋሉ። ለቀብር የተፈቀደው ለጥቂት ሰው ቢሆንም፣ ማዳም ከበሽታቸው በቅጡ ሳያገግሙ ከሐሲና አጠገብ ቆመዋል፤ የወ/ሮ ብርቄ ልጆችና እናታቸው ወ/ሮ ሸዋዬም ይህን ንባብ በስልክ እየሰሙ ነው።

ሳሚ፣ ቲጂ፤ ጳጉሜ ላይ ትመጣለች ብላችሁ ቤቱን ቀለም መቀባታችሁን እናታችሁ ነግራናለች። የትኛውን ክፍል በምን ቀለም እንደቀባችሁ ሳይቀር ታውቅ ነበር፤ ለሰው ሁሉ ታወራው ነበር። እግዚአብሔር ያጽናችሁ። የእህታችንን ነፍስ በሰላም ይቀበል፤ እናንተንም በዚያ ቤት በፍቅር ያኑራችሁ። አሜን።