ድንቢጥ በእግር ጣቷ የቆመች ቀን

ልጄ፣ ጤናና ሰላም ካለሽበት ይድረስሽ፤ ደጅሽ ደግ ደጉን ያስገባ። እኛ ደህና ነን፤ ጉልበቴ ብቻ እንደ አሮጌ በር ሲጥጥ ይላል። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ጥርስ አስተክሎ፣ ሳያስቀውም መሳቅ ጀምሯል።

የልጅሽ ሽንት ግን እንደገና ደም ቀላቅሏል። ብልሃርዝያ ነው፤ ትሉ ከመስኖው ቦይ በቆዳዋ ገብቶ ነው አለች ነርሷ። “ቦይ አትግቢ” እላታለሁ፤ ቧንቧው ከደረቀ ሦስት ወሩ፣ በምን ትታጠብ?

አምና የጤና ሠራተኞቹ የብልሃርዝያውን ክኒን ሲያድሉ ልጆቹን ከዘንግ ጎን እያቆሙ በቁመታቸው ልክ ነበር የሚሰጧቸው። እኔ በማጠሯ “ድንቢጥ” እያልኩ ሳበሽቃት ስለከረምኩ፣ ረጅም ለመምሰል በእግር ጣቷ ቆመች። ክኒን ተጨመረላትና ቀኑን ሙሉ ስታስመልስ ዋለች። በሚመጣው ወር ይመለሳሉ፤ እሷ “ብሞት አልውጥም” ብላለች።

“ካልዋጥሽ ትሉ ሆድ ዕቃሽን ይጎዳዋል” ስላት ሳቀች።

“አባባ ደግሞ! የሐብሐብ ፍሬ ከዋጥሽ በጆሮሽ ይበቅላል ብለኸኝ አልነበር?”

እውነቷን ነው፤ ብያታለሁ። እንባዬ መጣ፤ እሱንም ማስመሰል መስሏት አጨበጨበችልኝ።

አንቺ ቀልድ አታውቂም፤ ድሮ በዚህ ስተርብሽ ኖሬ፣ ዛሬ ጨነቀኝና አንቺኑ ፈለግሁ። እባክሽ ደውለሽ ንገሪያት፤ አንቺን ታምናለች።

ዕድሜሽን ያርዝመው፤ የእሷንም ቁመት፣ ተረከዟ መሬት እንደረገጠ።

አባትሽ