ሲመለሱ የሚረዝም መንገድ

ይህ ወረቀት ለእናቴ እጅ ይግባ፣

አሰላሙ ዓለይኩም እማ። ጉልበትሽ እንዴት ነው? ዓይንሽስ? እንሰቱ ዘንድሮ ደህና ያዘ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። «ድምፅሽን ዳግም እንዳልሰማ» ስላልሽኝ ስልክ አልደወልኩም፤ ለዚህ ነው በወረቀት የመጣሁት።

እማ፣ የሚገርም ነገር ልንገርሽ። ልጄ ነስረዲን ባለፈው ወር ዕቃ ሊያመጣ ቻይና፣ ጓንግዡ ደርሶ ተመለሰ። ስምንት ሺህ ኪሎ ሜትር ነው አለኝ። ስምንት ሺህ! እኔ እኮ እዚሁ መርካቶ ውስጥ ከበርበሬ በረንዳ ራጉኤል ለመድረስ በሰው ግፊያ ግማሽ ሰዓት የሚፈጅብኝ ሰው ነኝ። ቲኬቱን ተቀብዬ ሰዓቱን አሰላሁ። ሲሄድ ከሌሊቱ ስድስት ተነስቶ ከቀኑ ዘጠኝ ይገባል፤ አሥራ አምስት ሰዓት። ሲመለስ ከሌሊቱ ስድስት ተነስቶ ጠዋት አሥራ ሁለት ላይ እዚህ ነው፤ ስድስት ሰዓት ብቻ! «ሱብሃነላህ፣ ወደ እናት ሲመለሱ መንገዱም ያጥራል» ብዬ ለበረንዳው ሁሉ አወራሁ።

ነስረዲን ሲሰማ ሳቀብኝ። የእነሱ ሰዓት ከእኛ በአምስት ይቀድማል፤ መሄጃው አሥር ሰዓት ነው፣ መመለሻው ግን አሥራ አንድ፤ ነፋሱ ፊት ለፊት ስለሚመጣ ነው አለኝ። ለካ የሚረዝመው ወደ ቤት ሲመለሱ ነው። ያ ሁሉ ብረት በሰማይ ላይ ከነፋስ ጋር እየታገለ ልጄን አመጣልኝ። ጆሮዬ ሰምቶ ልቤ አላምን አለ።

እኔስ? ያልመረጥሽልኝን ሰው ተከትዬ ከወጣሁ ሃያ ስድስት ዓመቴ። እሱም ካረፈ አሥር ዓመት አለፈው። በየዓመቱ ለአረፋ መርካቶ ጭር ሲል፣ የስልጤ ልጅ ሁሉ ወደ አገሩ ሲሳፈር፣ እኔም እንደ ሰው ለእናቴ ብዬ ሻሽ እገዛለሁ። ሱቄን ዘግቼ «አገር ቤት መሄዴ ነው» እላለሁ። ከዚያ እዚሁ አማኑኤል ሰፈር ቤቴ ገብቼ፣ በሬን ቀርቅሬ፣ ሦስት ቀን እቀመጣለሁ። ስመለስ ጎረቤቴ ሙሚና «እናትሽ እንዴት ሰነበቱ?» ትለኛለች። «ደህና ናት፣ መርቃኛለች» እላለሁ። ዓይኔ እንባ ሲያቀርር በርበሬው ነው እላለሁ፤ በርበሬ ነጋዴን ማን ይጠረጥራል።

ዘንድሮ ነስረዲን ሳጥኔን ከፍቶ ያላደረስኳቸውን ሻሾች አገኛቸው። የማን እንደሆኑ ጠየቀኝ፤ ሁሉንም ነገርኩት። ሻሾቹን አንድ በአንድ አጣጥፎ መለሰና አገርሽ ወራቤ ምን ያህል ይርቃል አለኝ። መቶ ሰባ ኪሎ ሜትር፣ በአውቶቡስ አራት ሰዓት። ቻይና ደርሶ ለመጣ ልጅ ይህን ስናገር አፈርኩ።

እማ፣ በእኔና በአንቺ መካከል የሚቀድም ሰዓት የለም። ያለው ነፋሱ ብቻ ነው፤ እሱንም ያስነሳሁት እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ።

የሚያነብልሽ ወጣት ድምፁ ቢቆራረጥ ታገሺው። ግንባሩንም ልብ ብለሽ እዪው፤ ያንቺው ግንባር ነው። አንብቦ ሲጨርስ «ትግባ» የምትዪ ከሆነ ለእሱ ንገሪው። ሊጠራኝ ሩቅ አይሄድም፤ እስከ አጥርሽ በር ነው።

አላህ ጤናሽንና ዕድሜሽን ያብዛልኝ።

ልጅሽ