ለማኝ የሆንኩበት ሳምንት

ማክሰኞ

ዛሬም አልበሉም። ማንኪያውን አፋቸው ጋ ሳደርስ ከንፈራቸውን ግጥም፣ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ። ሾርባው በረደ፤ አሞቅሁት፤ እንደገና በረደ። ፍራው ፓርክን፣ ወይዘሮ ፓርክን ነው የምለው፣ የእኛን ፎቅ ኮርያዊት። በወጣትነታቸው ነርስ ሆነው መጡ፣ ጡረታ እስኪወጡ የፍራንክፈርትን በሽተኛ ሲያበሉ ኖሩ። አሁን እዚህ ጻይልስሃይም፣ የአረጋውያን ቤት ውስጥ፣ ለሳቸው አንድ ጉርሻ የሚያስውጥ ጠፋ። ባላቸው ሞተዋል፣ ልጅ የለም። ጀርመንኛውም ከጭንቅላታቸው ወጥቷል። ስለዚህ በአማርኛ ነው የምለማመጣቸው። «በሞቴ! አፈር ስሆን! አንዴ ብቻ!» ወይ ፍንክች።

አለቃዬ ሄልጋ በሩ ላይ ቆማ ስታየኝ ነበር። ሐኪሙ የሚመጣው ማክሰኞ ቀጠሮ አለው አለችኝ። እስከዚያ ካልበሉ በሆዳቸው የምግብ ቱቦ ይገባል። ቱቦ የገባላቸውን ሰዎች አውቃለሁ። ከዚያ ወዲያ ማንም አጠገባቸው ቁጭ ብሎ አያባብላቸውም።

ሐሙስ

አንዲት ኮርያዊት ከቤተ ክርስቲያናቸው አልፎ አልፎ እየመጣች ትጠይቃቸዋለች። ዛሬ ወረቀት ሰጠችኝ። ቅዳሜ ቦርንሃይም ሰፈር የኮርያውያን የለማኞች በዓል አለ! ቡትቶ ለብሰው፣ ፊታቸውን ቀለም ቀብተው፣ ቆርቆሮ እየደበደቡ የአገራቸውን የድሮ ለማኞች ዘፈን ይዘፍናሉ አለች። የሚሰበሰበው ምግብ ጎዳና ለሚያድሩ ይሰጣል።

ደሜ ፈላ። ልመና ጨዋታ ነው እንዴ? እኛ ሰፈር ላሊበሎች ጎህ ሳይቀድ በር ላይ ቆመው በዜማ ሲለምኑ እናቴ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ትወጣና ሰጥታቸው ስትመለስ «ከሰው ደጅ ያውጣን» ትል ነበር። እኔም ወደዚህ ስመጣ በረሃውን ስሻገር ተርቤ እንኳ እጄን አልዘረጋሁም። ኩራት ከሆነም ኩራት ነው።

ግን ሴትየዋ ዘፈኑን ስታንጎራጉር የፍራው ፓርክ ጣት ብርድ ልብሱን መታ መታ አደረገ። በዓይኔ በብረቱ አየሁት።

ዓርብ

ፍራው ፓርክን ወደ በዓሉ ልውሰዳቸው ብዬ ሄልጋን ለማሳመን ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ቢበርዳቸውስ? ቢደነግጡስ? በመጨረሻ «ኃላፊነቱ ያንቺ ነው» አለች። ይሁን!

መኪናም ተገኘ። ጋሽ ተፈራ ይወስዱናል። ለትምህርት መጥተው እዚሁ ያረጁ መሐንዲስ ናቸው፣ ቤተ ክርስቲያን ነው የማውቃቸው። «ወይ አንቺ ልጅ! አሮጊት ይዘሽ ለማኝ ልታሳዪ?» ብለው ሳቁብኝ። «ጋሼ፣ አንቱ ዝም ብለው ይንዱ» አልኳቸው።

መያዝ ያለበት፦ ብርድ ልብስ፣ መድኃኒት፣ ቅያሪ ልብስ፣ ለስላሳ ዳቦ (ምናልባት!)።

ቅዳሜ

ምን ብዬ ልጻፈው!

አደባባዩ ከበሮና ሳቅ በሳቅ ሆኖ ነው የጠበቀን። አንዱ ጉንጩን ቀይ ቀብቶ፣ የተቀደደ ባርኔጣ ደፍቶ፣ እየዘለለ ቀጥ ብሎ ወደ እኛ መጣና ቆርቆሮውን ፍራው ፓርክ ፊት ዘረጋ። እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? «እግዜር ይስጥህ!» በአማርኛ! አዲስ አበባ መንገድ ላይ ሳንቲም ሳይኖረኝ ለማኝ እንደማሰናብት። ጋሽ ተፈራ በሳቅ ፍርስ አሉ።

ፍራው ፓርክ ግን አላሰናበቱትም። ጠዋት ሙሉ እምቢ ያሉትን ዳቦ ከጭናቸው አንሥተው ለሁለት ቆረሱት። ግማሹን ቆርቆሮው ውስጥ ጣሉለት። ሰውየው ተንበረከከ። ድርሻውን ጎረሰና በእሳቸው እጅ ወደቀረው በአገጩ እያመለከተ መዝፈኑን ቀጠለ። ጎረሱ። አላመጡ። ዋጡ! ከዚያ አብረውት ዘፈኑ፣ እንደ ሕፃን በቀጠነ ድምፅ። እዚያው መሐል አደባባይ አለቀስኩ።

በኋላ አዘጋጆቹ መድረክ ላይ በጀርመንኛ አስረዱ። አገራቸው አንድ ለማኝ ነበር አሉ፤ ለልመና መነሣት እንኳ ላቃታቸው እየለመነ የሚያበላ። በዓሉ የሱ መታሰቢያ ነው። ስድቤን ዋጥኩ።

እሑድ

ማንኪያ፤ ግጥም። ሾርባ፤ ግጥም። ያው በያው። ትናንት ያየሁት ሕልም ነበር እንዴ?

ሥራ እየሠራሁ ሳስበው ዋልኩ። ሰውየው እኮ አላበላቸውም። ለመናቸው። እኚህ ሴት ዕድሜያቸውን ሙሉ ለሰው ሲያጎርሱ ኖረው፣ መጉረሱ ሞት ሆኖባቸው እንደሆነስ?

ታዲያ ማን ይለምናቸዋል? እኔ? አይደረግም።

ሰኞ

ተደረገ። በሩን ዘጋሁ። ቆርቆሮ ኩባያ ይዤ በማንኪያ መታ መታ አደረግሁት። ተንበረከኩ። ፊቴ ይነድዳል፣ ከሳቸው በቀር የሚያየኝ ሰው እንኳ የለም። ከዚያ ቃሉ ወጣ። «ስለ እመብርሃን! የዕለት ጉርስ!»

ዞር አሉ። አዩኝ። ዳቦውን ቆርሰው ኩባያዬ ውስጥ አደረጉልኝ። እኔ ስጎርስ እሳቸውም ጎረሱ። ዳቦ፣ ከዚያ ሙዝ። ሙዝም! እልል ልል ነበር፣ በሽተኞቹን እንዳላስደነግጥ ፈራሁ።

ማክሰኞ

ሐኪሙ ከሄልጋ ጋር ገባ። በማንኪያ ሞከረ፤ ግጥም። ራሱን ነቅንቆ ስለ ቱቦው ማውራት ጀመረ። በሁለት ሰው ፊት! ከነሥራ ልብሴ! እናቴ ብታየኝ ምን ትል ይሆን እያልኩ ፎጣዬን እንደ ነጠላ ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ ተንበረከኩ። ድምፄ ኮሪደሩ ድረስ ተሰማ መሰለኝ።

ፍራው ፓርክ ሳቁ። ቆርሰው ሰጡኝ፣ ጎረሱ። ለሐኪሙም ቆርሰው ዘረጉለት። ግራ ቢገባው በላ። ቱቦው ለጊዜው ቀረ፤ «እናያለን» ነው ያለው። ለኔ ይበቃኛል።

ሐኪሙና ሄልጋ ሲወጡ ፍራው ፓርክ እጃቸውን ራሴ ላይ አሳርፈው በኮርያኛ ረጅም ነገር ተናገሩ። ምርቃት ይሁን ተግሣጽ አላውቅም። አሜን አልኩ።

ነገ ዕረፍቴ ነው። ማን ይለምናቸዋል እያልኩ ስወጣ ሄልጋ በር ላይ ያዘችኝ። ኩባያው እጇ ላይ ነው። «ያን ነገር እንደገና በይልኝ፣ ቀስ ብለሽ» አለች። አውቶቡሴ አመለጠኝ፤ ቆሜ አስጠናኋት። ቃሉ አፏ ላይ ይሰባበራል። መንበርከኩ ግን አላቃታትም።